ተኝቶ የሚሄደው ሰዓት

እማዬ ያንን የግድግዳ ሰዓት ይዛ ከቤት የወጣችው ልትሸጠው ነበር። ድርቁ በርትቶ አባዬ ሥራ ፈቷል። በወሎ ትንሿ ከተማችን ሰዓት ሠሪ ነበር፤ እህል ሲጠፋ ግን ሰዓት የሚያሠራ ማን አለ? የዚያን ጠዋት አዲስ የባትሪ ድንጋይ ከትቶ ሰዓቱን በእጁ ሞላውና በጨርቅ ጠቀለለላት፤ እሷም እኔን አስከትላ ወደ ገበያ ሄደች። ገዢ ሳይመጣ የመንግሥት መኪኖች መጡ፤ አባዬ ቤት እንደቀረ ገበያተኛው እንዳለ ተጫነ። ለሰፈራ ነው ተባለ፤ ማን እንደጠየቀን እንጃ። አሶሳ ስንወርድ የእማዬ ንብረት እኔና ሰዓቱ ብቻ ነበርን።

አሶሳን ሳስባት እስከ ዛሬ በእንቅልፍና በንቃት መሃል ያለች ትመስለኛለች። ሳሩ ሰው ይውጣል፤ ቀርከሃው በነፋስ ሲወዛወዝ ውሃ የሚወርድ ይመስላል፤ ማንጎው ማንም ሳይነካው ዱብ ይላል። እኛ የደጋ ሰዎች ሙቀቱ አፍዝዞን እንውላለን። በዚያ ሁሉ ፍዘት ውስጥ ሰዓቱ ብቻ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። እማዬ የጎጇችን ግድግዳ ገና ጭቃ ሳይመረግ የቀርከሃ ችካል ሰክታ ሰቅላዋለች።

ወሎ ሳለን አባዬ አንድ ጊዜ የሰዓቱን ጀርባ ከፍቶ አሳይቶኛል። የሚጠመዘዝ ሞላ የለውም። ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎበታል፤ ከጎኑ የምስር ፍሬ የምታክል ማግኔት አለች። “ይሄ ሞተር እንደ ወፍጮ ሞተር አይሮጥም፤ ይራመዳል” አለኝ። ከድንጋዩ፣ ማለትም ከባትሪው፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ሽቦው ለቅጽበት ማግኔት ይሆንና ትንሿን ይገፋታል፤ ግማሽ ዙር ትዞርና ቀጥ ትላለች። ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ በተቃራኒው ይመጣል፤ እንደገና ግማሽ ዙር። ጥርሳሞቹ ክቦች ያንን ተቀብለው ለሰከንድ ቆጣሪው አንድ እርምጃ ያደርጉለታል። ከብዙ ዘመን በኋላ በምሠራበት ቢሮ ፕሪንተር የሚጠግን ባለሙያ ወረቀቱን የሚገፋውን ስቴፐር ሞተር ሲያሳየኝ “የሰዓታችን ዘመድ ነው” ብዬው ስቆብኛል። ግን አልተሳሳትኩም። ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት በጠብታ የሚገፋው ማሽንም በእንዲህ ያለ ሞተር ይሠራል አለኝ፤ በልክ ተራምዶ ባለበት መቆም ለሚፈልግ ሥራ ሁሉ እሱ ነው።

እማዬ ስለ ሽቦውም ስለ ማግኔቱም ግድ አልነበራትም። ለእሷ ሰዓቱን የሞላው የአባዬ እጅ ነው፤ በቃ። ሰዓቱ እስከሄደ ድረስ እሱም አለ፣ ይመጣልም። ከቆመ ግን… ይህን ጨርሳው አታውቅም፤ እኔም እንድትጨርሰው አልፈለግሁም፤ እፈራ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሰከንድ ቆጣሪው ሽቅብ መውጣት አቃተው። ወደ ታች ሲወርድ ደህና ነው፤ መውጣት ሲጀምር ባለበት ይንቀጠቀጣል። ዕቃ እየነገደ እስከ መንጌ ገበያ የሚመላለስ የአገሬው ሰው፣ የበርታው ጎረቤታችን፣ ከራዲዮኑ ድንጋይ አውጥቶ መጣ፤ አማርኛውን የለመደው ከገበያ ነው።

“እናት፣ ድንጋይ ቀይር። ሰዓት ይሄዳል፣ ወላሂ።”

“እሱ የከተተውን አልነቅልም” አለችው።

ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩ ለሚጠይቁኝ መልሱ ይኸው ነው። በሰፈሩ ሁሉም የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤ ከዕቃው አውጥቶ ነው ታዲያ። እማዬ ግን ሰዓቱን እንዳለ እንደ በርበሬ ሰፌድ ላይ አሰጣችው። ሰዓቱ ሄደ። ማታ ስትሰቅለው መንቀጥቀጡ ተመለሰ። በማግስቱም እንዲሁ። የአሶሳን ፀሐይ ስትመርቅ ሰነበተች። አንድ ቀን ሰማዩ ተደፍኖ ዋለ፤ ሰፌዱ ላይ ያለው ሰዓት ግን ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ጎረቤታችን አጎንብሶ አየው።

“ፀሐይ አይደለም፣ እናት። ተኝቶ ይሄዳል። ቆሞ እምቢ።”

እውነቱን ነበር። የተኛ ቆጣሪ ሽቅብ የለበትም፤ የደከመው ሞተር የሚያነሣው ሸክም ቀለለት።

ከዚያ ወዲያ ሰዓቱ በእማዬ ራስጌ መደቡ ላይ ተኛ፤ እኔ ወደ ዳር ተገፋሁ። በሰዓት ቀናሁ ብል ማን ያምነኛል? “እንዳታነሺው” ትለኛለች ወደ እርሻ ስትወጣ። እኔም በቀትር ሙቀት ጆሮዬን አስጠግቼ ጋደም እላለሁ። ዓይኔ ሲከደን አባዬ በረጅሙ ሳር ውስጥ ይታየኛል፤ አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ያርፋል፤ ይራመዳል፣ ያርፋል። ናፍቆኝ ነበር።

ሳሩ ተቃጥሎ ምድሩ ሲጠቁር አባዬ መጣ። ከአንዱ ሰፈራ ጣቢያ ወደ ሌላው እየጠየቀ ነው የደረሰው። እማዬ በሩ ላይ ተጠምጥማበት አለቀሰች። ለእኔ ግን እንግዳ ሆነብኝ፤ በጣም ከስቷል። ያወቅሁት በእጁ ነው። ገና ሳይቀመጥ መደቡ ላይ ያለውን ሰዓት አየና፣ እንደ ልማዱ ብድግ አድርጎ አቆመው። ቆጣሪው ተንቀጠቀጠ።

“ማነው ያስተኛው?” አለ።

ከእጁ ነጥቄ መልሼ አስተኛሁት። ሰዓቱ ከቆመ እሱም ተመልሶ የሚጠፋ መስሎኝ በሁለት እጄ ተጭኜ ያዝኩት።

እማዬ ዓይኗን ጠርጋ መጣች። እጆቼን ቀስ ብላ አላቀቀችና ሰዓቱን አንሥታ ችካሉ ላይ ሰቀለችው።

“እማዬ፣ ይቆማል” አልኳት።

“ይቁም” አለችና ወደ አባዬ ዞረች። “ጫማህን አውልቅ፤ እግርህን ልጠብህ።”