ዓይኔን ጨፍኜ የተቀበልኩት ብርጭቆ

ወሬው የደረሰኝ አትላንታ አጠገብ ኖርክሮስ ከተማ፣ አስቤዛ ልገዛ ግሮሰሪው በር ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ሳልወርድ ነው። ከጸሎት ቡድናችን አንዷ ደወለች።

«እትዬ፣ ውስኪ ጠጡ እየተባለ ነው!» አለችና ሳቀች።

«ማን? እኔ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ! ደግሞ ባርከው ነው አሉ የጠጡት።»

እኔን አላሳቀኝም። ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ አልኮል በአፌ ላይዞር ቃል ገብቻለሁ። የእሁዱን የሴቶች ጸሎት የምመራው እኔ ነኝ፤ ቃሌ ፈርሶ ከሆነ በምን አፌ እመራለሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ልጄ የቡድናችንን ሴቶች ከአትላንታ ወጣ ብሎ ወዳለ አሮጌ የውስኪ ፋብሪካ ወሰደችን። «ማሚ፣ ሙዚየም ነው እኮ፣ ጀስት ሂስቶሪ» ብላኝ። እውነትም ሥራ ካቆመ ቆይቷል። የጠቆረ የመዳብ ጋን አለ፣ ከአንገቱ ቱቦ ይወርዳል።

«ይሄማ የካቲካላ ማውጫ ነው!» አለች አንዷ። ሳቅን። በርሜሎቹ ባዶ ናቸው፣ ሽታቸው ግን አልለቀቀም። ማሽተትም ያስጠይቅ ይሆን እያልኩ አፍንጫዬን በሻሼ ያዝኩ።

መጨረሻ ላይ አስጎብኚው ሁለት ትሪ አመጣ፤ አንዱ ላይ ውስኪ፣ አንዱ ላይ ለማይጠጣ ሰው የዝንጅብል መጠጥ። ቀለሙም ብርጭቆውም አንድ ነው። እኛ ደግሞ ሳንጸልይ ውሃ እንኳ አንቀምስም። «እትዬ፣ ይባርኩልን» አሉኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጸሎቴ ረዘም ይላል፤ ገና ለአገሩ ስማልድ አንድ ሰው ብርጭቆ አስያዘኝ። አሜን ብዬ ጨለጥኩት። ጉሮሮዬን አቃጠለኝ።

ዝንጅብል ያቃጥላል። ውስኪም ያቃጥላል ይላሉ። ቀምሼው የማላውቀውን በምን ልለየው? በመልስ መንገድ ራሴን ቀለል አለኝ፤ ግን ምሳም አልበላሁም ነበር።

ልጄን «አላየሽም?» አልኳት።

«ማሚ፣ አንቺ እየጸለይሽ ማን ዓይኑን ይገልጣል?»

ከዚያ ወዲህ ጸሎቱን ሌላ እህት ትመራለች፤ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነኝ። ንስሐ እንዳልገባ፣ የቱን ኃጢአት ብዬ? ዝም እንዳልል፣ ብጠጣውስ?

አንድ ነገር ብቻ ገብቶኛል። ወሬው ከወጣ፣ በጸሎት መሃል ዓይኗን የገለጠች አለች። እባክሽ እህቴ፣ አልቆጣሽም። ብርጭቆዬ ከየትኛው ትሪ እንደተነሳ ብቻ ንገሪኝ።