ስኳር ከምላጭ ጋር

«ዘይቱን ብቻውን አንሸጥም፤ ሁለት ሳሙና አብረው ይውሰዱ።»

ዛሬ ጠዋት እዚሁ አዳማ አንድ ባለሱቅ ያለኝ ነው። ሳልገዛ ወጣሁ። ንዴቴ ግን የቆየ ነው፤ ከደርግ ዘመን የመጣ።

ያኔ በሰፈራችን እትዬ ዘሃራ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ይሸጡ ነበር። ያለ ቀበሌው ሱቅ ስኳር ሥራ አልነበራቸውም።

አንድ ወር ምላጭ አልሸጥ አለና ስኳር የሚፈልግ ምላጭም ይግዛ ተባለ።

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ቤት ጺም ያለው የለም» አሉት እትዬ ዘሃራ ሻጩን።

«ታዘን ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ሻዩን በምላጭ አማስላለሁ!»

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ።

በቀጣዩ የቀበሌ ስብሰባ ሊቀመንበሩ ተነሡ። «ጓዶች፣ ምላጩ አንድም ሳይቀር ተሽጧል። ሕዝባችን ስለፈለገው እንዲጨመርልን ጠይቀናል።»

ተጨበጨበ። እትዬ ዘሃራም አጨበጨቡ፤ አለማጨብጨብ ያስጠይቅ ነበር።

ምላጩ ተጨመረ። የሱቁ ገንዘብ እሱ ላይ ስለዋለ ስኳሩ ቀነሰ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ አፍንጫችን ሥር ሆኖ!

እትዬ ዘሃራ ሻዩን ትተው ሁሩታ ዘመድ ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

ዛሬ እንጀራዬ ለሱቆች የሚላክ ዕቃ ማቀድ ነው። የተሸጠ ሁሉ የተፈለገ እንዳልሆነ ለማወቅ ግን ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም ነበር። አዳራሹ ሙሉ ሰው ያውቀው ነበር። የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

እናንተ ቤትስ ከስኳር ጋር ምን ይመጣ ነበር? በዚያ ሰበብ ሥራውን የዘጋ ሰው ካወቃችሁ ስሙን እዚህ ጻፉልኝ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ያኔ በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ አልገቡም።