ከግድግዳ የወረደው ፍሬም

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ የግቢውን በር ሲያሠራ ዋለ። ሠራተኛው በመጋዝ ብረት ሲቆርጥ ድምፁ አጥሩን አልፎ ይመጣል። ምስር እየለቀምኩ ነበር፤ ሰፌዱን አስቀምጬ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። ልጄ ያመመኝ መስሏት ምን ሆንሽ አለችኝ። ምንም አልሆንኩም። ብረት ሲቆረጥ በሰማሁ ቁጥር ግን ዓለም ከተማ ያለች አንዲት ጠባብ ጓሮ ፊቴ ትደቀናለች፤ እኔም ያው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

ያኔ የምንኖረው መሐል ሜዳ ነበር። አባቴ የደብር ቄስ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ የብስክሌት ተወዳዳሪ። የቄስ ልጅ ሱሪ ለብሳ በአውራ ጎዳና መጋለቧ ያልጣማቸው ሰዎች ነበሩ። አባቴን ሲጠይቋቸው፣ ጾሟንም ትጾማለች፣ ሥራዋንም ትሠራለች ብለው ያልፏቸዋል። ለእኔም ስለ ብስክሌት ብዙ አይሉኝም ነበር፤ ጠዋት ስወጣ ግን በረዶው ጣቴን እንዳይቆረጥመኝ ከበግ ጠጉር የተሠራ የእጅ ሹራብ ደጃፍ ላይ ትተውልኝ አገኛለሁ። የመንዝን ነፋስ የማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። ገብሱ መሬት እስኪነካ የሚያስጎነብሰው ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ሜዳው ራሱ ዳገት ይሆናል።

የምንጋልበው የተራራ ብስክሌት ፊቱ ብቻ ድንጋይ ሲመታው የሚያረግብ ሞላ ያለው፣ ኋላው ድርቅ ያለ ነው። እንዲህ ያለው ቀላል ነው፤ ዳገት ላይም ጉልበት አይበላም። የእኔን ለማሟላት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ጎማው ከአንዱ፣ ማርሹ ከሌላው፣ ፍሬኑ ደብረ ብርሃን ካለ ሱቅ። ታዲያ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ከዘመሮ ስመለስ፣ ፍሬሙ ከኮርቻው ሥር ብየዳው ላይ ለሁለት ተሰበረ። ተሸክሜው ቤት ገባሁ። ያ ሁሉ የለቀምኩት ዕቃ፣ የሚሰካበት አካል ሲያጣ፣ ጆንያ ውስጥ የሚንኳኳ ብረት ሆኖ ቀረ።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ በዚያው በዘመሮ ጥርጊያ መንገድ ላይ ውድድር ነበር። ከሴቶች ሦስት ተመርጠው ለዞኑ ይሰለፋሉ። ለዚያ ቀን ስል ሁለት ክረምት በጭቃ ለፍቻለሁ፤ ፍሬም አጣሁ ብዬ ልቀር አልፈለግኩም።

አሰልጣኛችን ተፈራ ከወንዶቹ ቡድን የተረፈ የአሉሚኒየም ፍሬም ሰጠኝ። ቀላል ነው፤ ግን የተሠራው ለረጅም ሰው ነው። ገጣጥሜ ስወጣበት መሪው ጋ ለመድረስ በሆዴ መተኛት ብቻ ነበር የቀረኝ። ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ሲመታው ክንዴ ተወጥሮ ስለነበር መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ይህን ስነግረው ተፈራ ትለምጂዋለሽ፣ ዋናው መቅለሉ ነው አለኝ። ቆየት ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ ለእኔ ቁመት የሚሆነው የዘነበች ፍሬም ነበር፣ እሷ ግን ለማንም አትሰጥም አለ።

ዘነበች ከእኔ በፊት የነበረች ተወዳዳሪ ናት። ወድቃ እግሯን ከተሰበረች በኋላ መጋለቡን ትታ ወደ ትውልድ አገሯ ዓለም ከተማ ተመልሳለች። እንዲህ መሆኑን በሰማሁበት ምሽት ለአባቴ ልሄድ ነው አልኳቸው። ብቻዬን እንደማይልኩኝ አውቄያለሁ። ጠዋት ስነሳ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳቸውን፣ ባናቸውን፣ አጣጥፈው፣ የበሶ ስልቻ ይዘው ደጅ ቆመው አገኘኋቸው።

መኪና እየቀያየርን ሄድን። የጀማን ሸለቆ መውረድ ስንጀምር አየሩ ይሞቅ ጀመር፤ አባቴ መጀመሪያ ካፖርታቸውን፣ ቀጥሎ ጋቢያቸውን አወለቁ። በአንድ ዞን እየኖርን ያለ ባና የሚያድር ሰው መኖሩ ይደንቀኝ ነበር። ከሸለቆው ማዶ ወጥተን ዓለም ከተማ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። አባቴ በሶውን በጥብጠው ጾማቸውን የፈቱት መናኸሪያው ጥግ ላይ ቆመው ነው።

ዘነበች የጨርቅ ሱቅ ነበራት። ጠና ያለች፣ እንደ እኔ አጭር፣ ቀኝ እግሯን ሳብ አድርጋ የምትራመድ ሴት ናት። የአባቴን መስቀል ተሳልማ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤቷ አስገባችን። ፍሬሙን ገና ከደጅ አየሁት። ሰው የሠርጉን ፎቶግራፍ በሚሰቅልበት ቦታ፣ ነጭ ቀለሙ እንዳማረበት ተሰቅሏል።

የመጣሁበትን ነገርኳት። ብዙ አልጠየቀችኝም። አውርዳ ሰጠችኝ፤ በአንድ እጄ ሳነሳው ባዶ ቅል ያነሳሁ መሰለኝ። ፍሬሙን በእግሬ መሐል አድርጋ አቆመችኝ፣ ክንዴን አዘርግታ በስንዝሯ ለካች። ልክሽ ነው አለች፤ ይህን ስትል ግን ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ጓሮ አወጣችው። ፀሐይ ላይ ገልብጣ፣ የታችኛው ቱቦ ከፊት አንገቱ ጋ የሚገናኝበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ከፀጉር የቀጠነች መስመር ነበረች። ቀለሙ ነው የተላጠው አልኳት። በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ፋቀችው። መስመሯ አሉሚኒየሙም ላይ አለች።

"የወደቅኩ ቀን ነው የተሰነጠቀው" አለች።

ይበየዳል አልኩ። ብየዳውማ ይይዛል፣ አሉሚኒየም ግን ከብየዳው አጠገብ መልሶ እንደሚሰነጠቅ፣ ይህም መቼ እንደሚሆን ማንም እንደማያውቅ ነገረችኝ። እኔ ግን ቅለቱን በእጄ አይቼዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የተነገረኝ ሁሉ ጆሮዬ አልገባ አለ።

"ለአንድ ውድድር ብቻ ነው፣ እትዬ" አልኳት። "ከዚያ መልሼ አመጣልዎታለሁ።"

"እምቢ ብልሽስ?"

"ነገም እመጣለሁ።"

"ነገም እምቢ ብልሽ?"

"እዚሁ ደጅዎ ላይ አድራለሁ።"

ወደ አባቴ ዞር አለች። እሳቸውም መሬት መሬት እያዩ፣ "ታደርገዋለች" አሏት።

ዘነበች ወደ ቤት ገባች። መጠቅለያ ልታመጣልኝ ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። ስትመለስ የያዘችው የብረት መጋዝ ነው። ፍሬሙን በርጩማ ላይ አጋድማ፣ የማይታጠፈውን እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ምን ልታደርግ እንደሆነ የገባኝ የመጋዙ ጥርስ ቱቦውን ሲነክስ ነው። ሮጬ ቱቦውን ያዝኩት።

"እጅሽን አንሺ" አለችኝ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም። አባቴ ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ፤ እጄን አነሳሁ።

ቶሎ ነው ያለቀው። ሁለት ቦታ የሆነውን ፍሬም እግሯ ሥር አድርጋ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ስንቷ ለምናኛለች" አለች። "እምቢ እያልኩ ግድግዳ ላይ ተውኩት። እኔ ብሞት አንዷ አውርዳ ትጋልበው ነበር።"

አባቴ እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ አሏት። እኔ ከንዴት የተነሳ አለቀስኩ። ያቀረበችልንን ሽሮ እኔ አልነካሁትም፤ አባቴ ብቻቸውን በሉ። ልንሄድ ስንል ከአልጋዋ ሥር ሌላ ፍሬም ጎትታ አወጣች። የብረት ነው፤ ቱቦው ቀጭን፣ ዝገት የነካው። ከነጩ በፊት የምትጋልበው እሱን ነበር፤ ልኩም ያው ነው። ይከብዳል፣ ግን አውቀዋለሁ፣ ስንጥቅ የለበትም አለችኝ። አልፈልግም ልላት ስል አባቴ ተቀብለው በባናቸው ጠቀለሉት። እስከ መሐል ሜዳ ድረስ እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አድርገውት ሄዱ።

ንዴቴ ሲበርድ ሁለቱንም ልሞክራቸው ወሰንኩ። አንድ ቀን ተፈራ የሰጠኝን ትልቁን፣ በማግስቱ የብረቱን እየገጣጠምኩ በዘመሮ መንገድ ወጣሁባቸው። ትልቁ ዳገት ላይ ይበርራል። የብረቱ ያስለፋል፤ ቁልቁለት ላይ ግን መሪው እጄ ውስጥ ነው፣ ድንጋዩን መርጬ አልፋለሁ፣ አንገቴም አያመኝም። ዝገቱን ፈግፍጌ ሰማያዊ ቀለም ቀባሁት። ተፈራ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። በዚህ ብረት ዳገቱን አትወጪውም አለኝ። እወጣዋለሁ አልኩት። ፋሲካ እስኪደርስ ዳገቱን በየጠዋቱ ወጣሁት፤ ጭኔ ሲቃጠል እያለቀስኩ የወጣሁበት ቀንም አለ።

በውድድሩ ዋዜማ ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጭቃና እርጥብ ድንጋይ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ሌሎቹ ፍሬን እየያዙ ሲወርዱ እኔ በመሐላቸው አለፍኩ፤ ለጊዜውም ቢሆን ፊቴ ማንም አልነበረም። ወደ ከተማው የሚያስገባው የመጨረሻ ዳገት ላይ ግን የብረቱ ክብደት በሙሉ ወገቤ ላይ ወጣ። ሁለት ልጆች አለፉኝ። ሦስተኛዋ ስትጠጋኝ ትንፋሿን እሰማ ነበር። ከኮርቻዬ ተነስቼ እስከ መስመሩ ድረስ አልተቀመጥኩም። ሦስተኛ ወጣሁ።

ጭቃዬን ሳልታጠብ ስልክ ቤት ሄጄ ዘነበች ሱቅ ደወልኩ። ስንተኛ ወጣሽ ብላ አልጠየቀችኝም።

"ወደቅሽ?"

"አልወደቅኩም።"

ከዚያ ሦስተኛ መውጣቴን ስነግራት ሳቀች። ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው።

ለዞኑ ጥቂት ዓመታት ጋለብኩ፤ ስሜ ከዞኑ አልፎ አልተሰማም፤ አልቆጨኝም። ዛሬ ዘነበች ያኔ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌያለሁ። በዚያች ጓሮ ውስጥ ቁርጥ ሐሳብ የነበረኝ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ደጅዎ ላይ አድራለሁ ያልኩት እኔ ነኛ። ልጆች ካሳደግኩ ወዲህ ነገሩን ከእሷ በኩል ማየት ጀምሬያለሁ። እምቢ ብላ ብትሸኘን፣ ፍሬሙንም መልሳ ብትሰቅለው፣ ማንም አይወቅሳትም ነበር። እኔ ግን በማግስቱ እመለስ ነበር። ዓይኔን አይታ ያንን አውቃለች።