የጆንያው ግጥሚያ

ጁባ፣ ቶንፒንግ ሰፈር፤ በከተማው ተኩስ ምክንያት ከመሥሪያ ቤታችን ግቢ አትውጡ ከተባልን ሦስተኛ ቀናችን ነው። ኢትዮጵያ ያደገው የሥራ ባልደረባዬ ዴንግ ስልኩን አስጠጋልኝ።

«ያላ፣ በይ፣ ከሬስሊንግ ሁሉ የመጨረሻውን መናኛ ግጥሚያ እዪ!»

የመድረኩ ደወል ሲጮህ አወቅኩት።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከአባቴ ጋር ቪዲዮ ቤት ገብተን፣ ሳይከፍል የሚገባ እንዳይኖር በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ የላብና የኦቾሎኒ ሽታ አፍኖናል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ተፋላሚዎች ጭንቅላታቸው ላይ ጆንያ አጥልቀው በዳበሳ ይፈላለጋሉ። ሊያስቁን ነበር፤ መድረኩን የከበበው ሰው ግን በፉጨትና በስድብ አጣደፋቸው።

አባቴ ይንተባተባል። መሥሪያ ቤት አለቃው አነጋገሩን እያስመሰለ ሰው እንደሚያስቅበት ከእናቴ ሰምቻለሁ። ድንገት ተነስቶ በሩን ደበደበ።

«ክ... ክፈቱ!»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እሱ ግን እስኪከፈትለት መደብደቡን አላቆመም።

ስንወጣ እጄን ጠበቅ አድርጎ ይዞ፣ «ከ... ከእንግዲህ እዚያ አልመለስም» አለኝ።

ቪዲዮ ቤቱን መስሎኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ሥራ አልሄደም፤ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ እያፏጨ የተቀደደ ጫማዬን ሲሰፋ አገኘሁት።

«ምነው አልሳቅሽም?» አለኝ ዴንግ።

ልነግረው ስል የጥበቃ ኃላፊው መጣና የግቢው በር ነገም እንደማይከፈት ነገረን።