የጋራው በሬ

ቆቦ ላይ አንዱ መስቀል፣ አንዱ ጨረቃ የተሳለባቸው ሁለት ሥጋ ቤቶች ጎን ለጎን አሉ። ባለፈው ሳምንት በፊታቸው ሳልፍ የስድሳ ስድስቱ ረሃብ ትዝ አለኝ።

አባቴና እስላሙ ጎረቤታችን ሰይድ በጋራ ያረሱበት በሬ በረሃብ ወደቀ። ሳይሞት መታረድ ነበረበት። በስመ አብ ተብሎ ከታረደ የሰይድ ቤት አይበላም፤ ቢስሚላህ ከተባለበት ደግሞ የእኛ ቤት።

ሰይድ ቢላዋውን ለአባቴ ዘረጋለት። «በል ባርከው።»

«ተው እንጂ ሰይድ! ያንተ ትንሿ መቆም አቅቷታል። የእኔዎቹ ገና ለመደባደብ አቅም አላቸው። አንተ እረድ።»

ሰይድ የበሬውን አንገት ወደ ቂብላ አዙሮ አረደ።

አመሻሽ ላይ የጥብሱ ሽታ ቤታችን ገባ። እናቴ እኛን ልጆቹን አየችና በሩን ልትዘጋ ተነሳች።

«ተይው» አላት አባቴ። «የተቀየምን ይመስላቸዋል።»