ከተኩሱ በፊት

ልጅ ሳለሁ ያደረብኝ፣ እስከ ዛሬም ያልለቀቀኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ጦርነት የሚጀምረው መቼ ነው?

ያኔ የምንኖረው ሰቆጣ ዙሪያ፣ ከከተማው ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ መንደር ነበር። ከብቶቹ ገብተው ኩራዙ ሲለኮስ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር የእናቴን አጎት፣ አያ ደስታን፣ እንከብባቸዋለን። ወንድሜ ኃይሉ ገና ጡት አልጣለም ነበር። ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ እሳቸው ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ የኛ ዘመዶችና የወንዝ ማዶ ሰዎች የተዋጉበትን ታሪክ ያወሩልናል። ታሪኩ ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው፤ ዝናብ በጠፋበት ዓመት የተከለከለ ግጦሽ፣ ያልተጠሩበት ሠርግ፣ ከየአማቹ ጋር አብሮ ለመቆም የተደረገ መሐላ። እኛ ግን የምንጠብቀው ገበያ መሃል የተተኮሰውን ጥይት፣ የአያታችን ወንድም የወደቀበትን ነበር።

«አያ፣ ተኩሱ ጋ ይድረሱልን» እንላለን።

«ቆዩ እንጂ፤ ሰውየው ገና ጠመንጃውንም አልገዛ» ይሉን ነበር እየሳቁ።

እየዋለ ሲያድር ግን ሰለቻቸው መሰለኝ፣ ከተኩሱ መጀመር ለመዱ። እኛም ደስ አለን።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ ስማር፣ መምህሩ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለምን እንደተነሣ ጠየቀን።

«አንድ ልዑል ስለተገደለ» አለ አንድ ተማሪ።

«ከዚያ በፊትስ?»

የአውሮፓ መንግሥታት ለዓመታት የሰው አገር ሲሻሙ፣ አንዱ የጦር መርከብ ሲያሠራ ሌላው የሚበልጥ ሲያሠራ፣ አንተን የነካ እኔን ነካ ተባብለው ሲማማሉ፣ በተወሰደ መሬት ቂም ሲቋጥሩ እንደኖሩ አስረዳን። ጥይቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ከኋላ ተቀምጬ፣ ቀና ሳልል፣ የአያ ደስታን ድምፅ እሰማ ነበር። ሄጄ እንዳልጠይቃቸው ዐርፈዋል። ፈተና ላይ ስለ አውሮፓ ጥሩ አድርጌ ጻፍኩ፤ ስለኛ ግን ግጦሹ የማን እንደነበር፣ ለሠርጉም ማን ማንን እንዳልጠራ አላስታውስም።

ባለፈው ዕረፍት ከኃይሉ ጋር ከሰቆጣ ገበያ ስንመለስ፣ ከማዶ ሰዎች አንዱ ሰላም ሲለን ወንድሜ ፊቱን አዞረ።

«ምን አደረገህ?» አልኩት።

«እነሱ ናቸው የጀመሩት።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት ምንም የለም። አንቺ ደግሞ መጽሐፍ አበዛሽ።»

አልፈረድኩበትም። እሱ ነፍስ ሲያውቅ አያ ደስታ ታሪኩን የሚጀምሩት ከተኩሱ ነበር። ማታ እናቴ፣ ኃይሉ የሚገዛው ጠመንጃ እያፈላለገ መሆኑን በሹክሹክታ ነገረችኝ።

በገበያው የአያታችንን ወንድም የገደለው ሰው ታናሽ እህት እማማ ስንዱ አርጅተው ማዶ አሉ። ሰው ፊት መናገር አፍራለሁ፤ ከዚያ ቤት ሰው ጋርም በሕይወቴ ተነጋግሬ አላውቅም። ቢሆንም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንዙን እሻገራለሁ። ኃይሉን አብረኸኝ ና ብዬዋለሁ። ባይመጣም እሄዳለሁ። ነገሩ ከየት እንደተነሣ እጠይቃቸዋለሁ፤ የኛን ጥፋት ቢነግሩኝም ሳላቋርጥ እሰማለሁ፤ የሰማሁትንም ተመልሼ ለወንድሜ እነግረዋለሁ።