ኳስ የማይነካው ልጄ

ጉዳዩ ያስወጣኝን ተናግሬ ልጀምር፦ አንድ በሬ፣ ገዢ ፊቴ ቆሞ ብር እየቆጠረ ያልሸጥኩት አንድ ሚኒቫን፣ የአንድ መኸር ጠዋቶች በሙሉ፣ እና «እኔ ሰው አይቼ ዋጋውን አውቃለሁ» የሚለው ኩራቴ። ከሁሉም የከበደኝ የመጨረሻው ነው። በሬውማ ተበላ።

እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ያገለገሉ መኪኖች እሸጣለሁ። ትምህርቴን የጨረስኩት መርካቶ ነው፤ ጎማ እያንከባለልኩ የተማርኩት ነገር ዲፕሎማ ባይኖረውም እስከ ዛሬ አብልቶኛል። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ልጄም እዚያ ተወልዶ እዚያ አደገ። አደገ ስል አሳንሼ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ የአፓርታማችንን በር በጎኑ ነበር የሚገባው። ኮሌጅም በዚያው ትከሻው ገባ፤ ኳስ ስለሚጫወትላቸው ከኪሴ ሳንቲም አልወጣም። ስለዚህ የአሜሪካኖችን ኳስ ባይገባኝም አልተቀየምኩትም።

የልጄ ቦታ የአጥቂው መስመር ይባላል። ኳሱን የሚወረውረው ሰው ከኋላ ይቆማል። እሱን ሊጥሉ የሚሮጡ ግዙፎች ከፊት ይመጣሉ። ልጄና አራት ጓደኞቹ መሀል ቆመው በእጃቸውና በደረታቸው ያግዷቸዋል። ሥራው ይኸው ነው። ኳስ አይነኩም፤ ማንም ስማቸውን አያውቅም። ዳኛው ቁጥራቸውን በማይክሮፎን የሚጠራው ሲያጠፉ ብቻ ነው።

ኮሌጅ ሲጨርስ በትልልቆቹ ቡድኖች የምርጫ ቀን አልተመረጠም። በማግስቱ ግን አንዱ ቡድን ደውሎ አስፈረመው። ደላላው፣ እነሱ ኤጀንት ይሉታል፣ በስልክ አስረዳኝ፦ «ይህ ውል ልጅህን እንጂ ቡድኑን አያስርም። ዘጠና ሰው ገብቶ ኦገስት መጨረሻ ላይ ሃምሳ ሦስት ይቀራል።» ሰማሁት። እኔ መኪና ስሸጥ መመለስ የለም፤ ልጄን የገዙት ግን በፈለጉ ቀን ሊመልሱት ነው። ይህን የመሰለ ውል ሌላ ሰው ቢያመጣልኝ ስቄ እመልሰው ነበር። የልጅ ነገር ሆኖ ያየሁት ፊርማውን ብቻ ነው፤ ፊርማ ካለ ደግሞ ድግስ አለ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ በርክ በሚባለው ሰፈር ሰፊ ግቢ አላቸው። ከገጠር በሬ ገዝተን አሳረድንና ጉባኤውን በሙሉ እዚያ ጠራን። ሽማግሌው ጸልየው፣ ሳህናቸውን ሞልተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ለመሆኑ ኳሱን የሚይዘው መቼ ነው?» አሉኝ።

«አይዝም፣ ጋሼ።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ። ከኋላው ያለውን ሰው መጠበቅ ነው ሥራው።»

ጥቂት አላመጡ። «እኔም ሃያ ዓመት ፓርኪንግ ጠብቄያለሁ። በሬ ያረደልኝ ግን የለም።»

ኦገስት መጨረሻ ላይ የመኪና ጨረታ ቤት እጄን አንስቼ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ነው። «ዳድ፣ ካት አደረጉኝ» አለኝ። ከሃምሳ ሦስቱ እንዳስወጡት ገብቶኛል፤ እጄን ማውረድ ግን ረሳሁ። ስልኩን ስዘጋ አንድ አሮጌ ግራጫ ሚኒቫን በማልከፍለው ዋጋ የእኔ ሆኗል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ቀድማ ሰምታለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለመቅረት ሰበብ ስፈልግ ያዘችኝ።

«ለመብላት ጠርተናቸዋል» አለች። «አሁንም ራሳችን እንነግራቸዋለን።»

ነገርናቸው። አንዳንዱ አቀፈኝ፤ አንዳንዱ በሬው ገና ከጥርሱ ሳይወጣ ዓይኑን ሰበረ። ሽማግሌው ግን የልጄ ትከሻ ላይ ለመድረስ ተንጠራርተው «እኔን ከሦስት ፓርኪንግ አባረውኛል፤ አራተኛው ነው ጡረታ ያወጣኝ» አሉት። ልጄ ቤት ከተመለሰ ጀምሮ ያን ጊዜ ነው የሳቀው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ይዤው ሄድኩ። «ከእኔ ጋር ሽጥ። አንተን አይቶ ዋጋ የሚከራከር አይኖርም» አልኩት።

«ኖ፣ ዳድ። እስከ ክሪስማስ ጊዜ ስጠኝ።»

«እስከ ክሪስማስ ምን ልትሆን?»

ነገረኝ። አሰልጣኞቹ ጉልበቱን አልጠሉትም። ሲደክመው ግን ሳያውቀው ቀና ይላል። ቀና ያለ ሰው ደግሞ፣ የፈለገ ቢከብድ፣ ከሥር ገብተው ይገለብጡታል። ዝቅ ብሎ መቆየትን ሰውነቱ እስኪለምደው ድረስ በየቀኑ ከባድ ነገር መግፋት አለበት። የሚገፋው ነገር የለውም። እኔ ደግሞ የማይሸጥ ሚኒቫን አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጀመርን። ማርሹን ፍሪ ላይ አድርጌ መሪውን ያዝኩ። እሱ ከፊት ሆኖ፣ ሁለት እጁን ኮፈኑ ላይ ጭኖ፣ ወደ ኋላ ይገፋኛል። ቀለል ሲለው ፍሬኑን ረገጥ አደርግበታለሁ። ከግቢው ዳር እስከ ዳር፣ ከዚያ ነድቼ እመልሰዋለሁ፤ እንደገና። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄን እንደዚያ ፊት ለፊት፣ ያን ያህል ረጅም ሰዓት አይቼው አላውቅም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ታየኝ። ትኩስ ሳለ በፊት መስታወቱ የሚታየኝ ፀጉሩ ብቻ ነው። ሲደክመው ግንባሩ ይመጣል፤ ከዚያ አፍንጫው፤ ሲብስበት አገጩ። እሱ ግን ዝቅ እንዳለ ነው የሚመስለው።

«አሁን ቀና ብለሃል» አልኩት።

«አላልኩም!»

«እኔ የምቀመጥበት ና ተቀመጥ።»

ራሴ ወጥቼ እንደ እሱ ኮፈኑን ይዤ፣ ዝቅም ቀናም እያልኩ አሳየሁት። ከዚያ መስታወቱ ላይ ቀይ ፕላስተር በአግድም ለጠፍኩ። ዓይኑ ከፕላስተሩ በላይ ከታየኝ ክላክስ አደርጋለሁ፤ ይወርዳል። በመጀመሪያው ቀን ጎረቤታችን ያለው ጎማ ጠጋኝ ወጥቶ እስኪሰድበኝ ድረስ ክላክስ አደረግሁ።

በኦክቶበር አንድ ሰው ከላንግሊ ፓርክ በሁለት አውቶቡስ መጣ። ዲቪ ደርሶት ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ አራት ልጆች አሉት፤ የሚፈልገው ሚኒቫን ነው። ቆሞ አየን።

«የሚገፋው አልነሳ ብሎት ነው?»

«ይነሳል፣ ወንድሜ።»

«ታዲያ ለምን ይገፋል?»

«ሥራው ነው።»

«ማነው የሚከፍለው?»

«እስካሁን ማንም።»

ዞሮ ዞሮ አየና ዋጋ ሰጠኝ። ጨረታ ላይ የከሰርኩትን የሚመልስ፣ ትርፍም ያለው ዋጋ። ብሩንም አውጥቶ መቁጠር ጀመረ። ልጄ ኮፈኑን ተደግፎ እያለከለከ ያየናል።

«ይህ አይሸጥም» አልኩ።

«ዋጋ ለማስጨመር ነው?»

«አይደለም። ሌላ አለኝ፣ ና ላሳይህ።»

«ነጋዴ ሆኖ አልሸጥም የሚል ያየሁት አንተን ብቻ ነው» አለኝ። ሌላውን ቀንሼ ሰጠሁት። ስመለስ ልጄ ቦታውን ይዞ ጎንበስ ብሏል። «ግባ፣ ዳድ፤ እየበረደኝ ነው» አለኝ።

ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ክላክስ ያደረግሁት ሁለቴ ብቻ የሆነበት ሳምንት መጣ። ከዚያ በሚቀጥለው ሰኞ ሌላ ቡድን ጠራው፤ በልጄ ቦታ የሚሰለፉ ሁለት ሰዎች ተጎድተውባቸዋል። ለሙከራ በረረ። እኔ ቀኑን ሙሉ ስልኬን ይዤ፣ ለመጣ ሁሉ ዋጋ እየተሳሳትኩ ዋልኩ።

ማታ ደወለ። «አምስት ነበርን። አራቱን ሸኙ።»

«አንተስ?»

«መኝታ ክፍል ሰጡኝ፣ ዳድ። ነገ ልምምድ አለኝ።»

ያኔ የገባው ለልምምድ ብቻ ከሚያዙት ተጫዋቾች ጋር ነው፤ ሜዳ አይገቡም። በሬ አላረድንም። ባለቤቴ ለሽማግሌው ደውላ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም «ዝም ብለን እንጸልይ፣ ምግቡ ይቆይ» አሉ።

በተከታዩ ዓመት ኦገስት መጨረሻ ላይ ሃምሳ ሦስቱ ውስጥ ቀረ። በውድድሩ ስድስተኛ ሳምንት በእሱ ቦታ የሚሰለፈው ልጅ ተጎዳና የእኔው ገባ። እኔና እናቱ ስታዲየም ነበርን። ሰባ ሺህ ሰው ኳሱን ሲከተል እኔ ከልጄ ወገብ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። በአራተኛው፣ በመጨረሻው ሩብ ላይ፣ ሁሉም ሲደክም፣ ከፊቱ ያለው ከእሱ የሚገዝፈው ሰው ቀና አለ። ልጄ አላለም። ከሥር ገብቶ እስከ ሜዳው ዳር መስመር ገፍቶ ወሰደው። ማንም አላጨበጨበም፤ እናቱ ብቻ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ስምንት ወር ወሰደበት፤ ተመለሰ።

እስከ ዛሬ፦ ሦስት ዓመት፣ ሁለት ቡድን፣ አሥራ አንድ ጨዋታ፣ አንድ የጉልበት ቀዶ ጥገና። ውሉ የሚያልቀው በማርች ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምን ዋጋ እንደሚሰጡት፣ ሰው አይቼ ዋጋ አውቃለሁ የምለው እኔ አላውቅም።